የታንክ አራት ውሃ

ዶክተር ዶሚቲላ አራንሲቢያን ከባሕሩ ያወጧት የክርስትና አባቷ ነበሩ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም። የቶቶራል ቺኮ መንደር ጠላቂዎች ጀልባቸውን ወደ ዳር ሲያስጠጉ፣ ከዛጎል መፈልፈያው ጀርባ ባለው የእንጨት መድረክ ሥር፣ በምሰሶዎቹ መካከል ነጭ ጋውን ተንሳፍፎ አዩ። መጀመሪያ ነፋስ የጣለው ልብስ መስሏቸው ነበር። ከዚያ ጥቁሩ ጉንጉን ፀጉር ታየ። ጩኸቱን ሰምተው ከቤታቸው እየሮጡ የደረሱት ዶን ኤቫሪስቶ ታፒያ ማንንም «ምን ሆነ?» ብለው አልጠየቁም። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሹራባቸውን አውልቀው የመድረኩ አጥር ላይ ጣሉና ዘለሉ። በዕድሜያቸው አሥራ አንድ የሰጠሙ ሰዎችን ከዚያ ባሕር አውጥተዋል፤ ከአሥራ አንዱ አንዱ የዶሚቲላ አባት ነበር። አሥራ ሁለተኛዋን ታቅፈው ደረጃውን ሲወጡ፣ እንባ የማያውቁ ጠላቂዎች ቆባቸውን አውልቀው አለቀሱ።

ኢንስፔክተር ኢስሜኒያ ባራኦና ከኮኪምቦ ከተማ የደረሰችው እኩለ ቀን ላይ ነው። ሃምሳውን የተሻገረች፣ አጭር፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴት ናት፤ ሰዎቹ የትምህርት ቤት አስተማሪ መስላቸው ነበር። እናቷ በደቡብ ባለ አንድ ደሴት ሹራብ እየሠራች ነው ያሳደገቻት፤ ኢስሜኒያ መቁጠር የተማረችው በሱፍ ክር ነው።

ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። የሟቿ ቅንድብና የጆሮዋ እጥፋት ላይ ከአሸዋ የደቀቀ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ትቢያ ነበር። በብልቃጥ ወሰደችው። ከዚያ ተነሥታ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለውን ግራጫ ሹራብ በሁለት ጣቷ ዳሰሰች። ደረቱ ደረቅ ነው። ጀርባውም ደረቅ ነው። እጅጌዎቹ ግን እስከ ክርናቸው ውሃ እንደጠጡ ናቸው።

«የማን ነው?»

«የዶን ኤቫሪስቶ» አለ አንዱ ጠላቂ። «ከመዝለላቸው በፊት ያወለቁት ነው። ሱፍ ለብሶ ውሃ ውስጥ የሚገባ ጠላቂ የለም፤ ወደ ታች ይጎትታል።»

«ብልህ ሰው ናቸው» አለችና ሹራቡን አጥፋ ከረጢት ውስጥ ከተተችው። «ዛሬ ጠዋት እዚህ አካባቢ የነበረ ሰው ሁሉ የለበሰውን ያስረክበኝ። የሁላችሁንም እፈልጋለሁ፤ ማንም ቅር አይበለው።»

*

የዶሚቲላ ረዳት ኖኤሚ ኦሊባሬስ ከሟቿ ጋር በአንድ ግቢ ያደገች ናት። ዓይኗ አብጦ ብልቃጡን ተቀበለችና ትቢያውን በአጉሊ መነጽር አየችው። ወዲያው ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«እጭ ነው። የእኛ የዛጎል እጭ። የስምንት ቀን ነው።»

«ባሕሩ ውስጥ አይገኝም?»

«ይገኛል፤ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ። ይሄ ግን ቆንጥረሽ ያመጣሽው በመቶ የሚቆጠር ነው። እንዲህ ታጭቆ የሚገኘው ታንክ ውስጥ ብቻ ነው።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ዶሚቲላ የሰጠመችው ባሕር ውስጥ እንዳልሆነ ጮክ ብሎ መናገር አላስፈለጋቸውም።

«ስንት ታንክ አለ?»

«አራት። አንድ፣ ሁለትና ሦስት ሪጎቤርቶ የሚባለው የመፈልፈያው ኃላፊ የሚሠራባቸው ናቸው። አራተኛው የእሷ ነው፤ ለብቻው ክፍል አለው። ቁልፉ ከአንገቷ አይወርድም።»

ቁልፉ አሁንም በሟቿ አንገት ላይ ነበር፤ የክፍሉ በር ግን አልተቆለፈም። ውስጡ ንጹሕና ሞቃት ነው። ውሃው በጸጥታ አረፋ ይተፋል። የጀርባው በር ወደ መድረኩ ይከፈታል፤ ኢስሜኒያ በእግሯ ለካችው፦ አሥራ ሁለት እርምጃ። በጭጋግ ቀን አሥራ ሁለት እርምጃ ከማንም ዓይን ይሰወራል። መግቢያው ላይ ለእንግዳ የተቀመጠ ጋውንና ጓንት ከነላስቲኩ እንደታሸገ ነበር።

«ይህን ሳያደርግ የሚገባ አለ?»

«ማንም!» አለች ኖኤሚ። «እኔን እንኳ አንዴ ጓንት ስረሳ ከደጅ መልሳኛለች። ‹ኖኤሚታ፣ እወድሻለሁ፤ ጣቶችሽን ግን አላምናቸውም› ነው ያለችኝ።» ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ወደ ለቅሶ ተለወጠባት።

«ታንኩ ውስጥ ምን አለ?»

«በላተኞቹ።» ኖኤሚ አፍንጫዋን ጠረገች። «ጠላቂዎቹ ያወጡላቸው ስም ነው። ባክቴሪዮፌጅ ይባላሉ። ቫይረስ ናቸው፤ ግን ሰውንም ዛጎልንም አይነኩም። የሚያጠፉት ባክቴሪያን ብቻ ነው፤ ያውም አንድ ዓይነት መርጠው። እኛን ያደኸየንን ባክቴሪያ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ሲዋኝ የተውነው እጭ ጠዋት ታንኩ ሥር እንደ ዱቄት ተኝቶ እናገኘው ነበር። እሷ እነዚህን ከባሕሩ ጭቃ ለቅማ አመጣች። ባለፈው ዓመት ጨመርናቸው፤ እጩ ተረፈ። አርባ ቤተሰብ ተረፈ። ያለ መድኃኒት ያደገ ዛጎል የሚል ምስክር ወረቀትም አገኘን።»

«በዓይን አይታዩም አይደል?»

«ሥራቸው ይታያል። ሳህን ላይ ባክቴሪያውን እንደ ሣር አበቅለዋለሁ። በላተኛ ያለበት ውሃ ጠብ ሳደርግበት በማግስቱ ሣሩ ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ ይወጣል። ብል የበላው ሹራብ ነው የሚመስለው።»

ኢስሜኒያ ፈገግ አለች። ይህ የምታውቀው ቋንቋ ነው። «ዘንድሮ ከታንክ አራት ሌላ የት የት አሉ?»

«የትም። በሪጎቤርቶ ታንኮች አልጨመረችም። የታንክ አራት ውሃም የሚወጣው በክሎሪን ታክሞ ነው፤ ባሕር አይደርሱም።»

«ማቀዝቀዣው ውስጥስ? የበላተኞቹ መደርደሪያ አሥር ብልቃጥ ይይዛል፤ ያሉት ስምንት ናቸው።»

ኖኤሚ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እኔ ጋ ናቸው» አለች። «ዛሬ ንጋት ላይ በአውቶቡስ ቶንጎይ ሄጄ ነበር። አንድ ትልቅ ድርጅት ሥራ ሊሰጠኝ ነው፤ ባዶ እጄን እንዳልመጣ ነገሩኝ። ውል ስፈርም ነው የሞቷን የሰማሁት። ሹፌሩን ጠይቂው፤ የፈረምኩባቸውንም ሰዎች ጠይቂ።»

«እጠይቃለሁ። እሷ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም። ትናንት ማታ ‹ነገ ቀደም ብለሽ ነይ፤ የምነግርሽ አለ› አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ብዬ ሄድኩ።»

ኢስሜኒያ አልወቀሰቻትም፤ አላጽናናቻትምም። «ሊሆን የሚችለውን ገምቺ። ምን ልትነግርሽ ነበር?»

«ከሦስት ቀን በፊት ያለፈውን ዓመት የታንክ ውሃ ከበረዶ ማስቀመጫው አስወጣችኝ። ልታስተምርበት ነበር። በላተኞቹን ቆጠርን። አልበዙም ነበር።»

«ምን ማለት ነው?»

«አንድ በላተኛ አንድ ባክቴሪያ ውስጥ ገብቶ መቶ ሆኖ ነው የሚወጣው። ከበላ ይበዛል። ያለፈው ዓመት ግን የጨመርነው ያህል ብቻ ነበር። እንግዲህ አልበሉም። ባክቴሪያው ግን ሞቷል። ከዚያ ውሃውን አፈላችው። በላተኞች ሲፈሉ ይሞታሉ። የፈላውም ውሃ ሣሩን አጠፋው፤ ያውም በቀዳዳ ሳይሆን ወጥ አድርጎ፣ እንደ ተላጨ ራስ።»

«መድኃኒት ነዋ።»

«አንቲባዮቲክ። ሰው ከኋላችን ጨምሮበት ነበር። ዶሚቲላ ሳህኑን ይዛ ብዙ ቆመች። ከዚያ ‹ኖኤሚ፣ ባለፈው ዓመት ያጨበጨቡልኝ ለምኑ ነው?› አለችኝ። ዘንድሮ ታንክ አራትን ከእሷ በቀር ማንም አልነካውም ብላ ተጽናናች። በላተኞቹ እዚያ ውስጥ በዝተዋል፤ እጩም ደህና ነው። ግን ፊቷ አልተመለሰም።»

*

ሪጎቤርቶ ሳላስ ክንዱን አጣምሮ፣ ታንኮቹን ተደግፎ ጠበቃት።

«ይኸው፣ ተረኛ ነኝ» አለ። «ትናንት ጮኼባታለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ‹አንቺም ቫይረስሽም ገደል ግቡ› ብያለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እጭ አሳድጌ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ልጅ እጅህን ታጠብ ስትለኝ ምን ልበል? አመሰግናለሁ ልበል?»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ፓምፑ ሲጮህ ሰው ቢያርዱ አይሰማም።» የተናገረው ራሱን አስደነገጠው። «ማለቴ...»

«ገብቶኛል። ያለፈውን ዓመት ንገረኝ። ታንኮቹ ላይ የተለየ ነገር አላየህም?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት ዓይኑ ወደ መሬት ሄደ።

«ሰኞ ሰኞ» አለ ሪጎቤርቶ፣ «የታንኩ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት እጠርግ ነበር። በየሳምንቱ። የሳልሞን ዓሣ አርቢዎች የሚጠቀሙበት መድኃኒት ነው፤ ሽታውን አውቀዋለሁ።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«ዓመት ሙሉ?»

«እሷ ራሷ የምትጨምረው መስሎኝ ነበር። እያታለለች ያጨበጨቡላት መሰለኝ። አንድ ቀን እንደሚወጣ አውቅ ነበር፤ በሚወጣበት ቀን ፊቷን ማየት ፈለግሁ።» ድምፁ ወረደ። «አሁን ፊቷን አየሁት፣ ሴኞራ። ደስ አላለኝም።»

*

ዶን ኤቫሪስቶ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው እቤታቸው ተቀምጠዋል። ምድጃው ላይ ሻይ ፈልቷል፤ ዳቦና አቮካዶ በሳህን ቀርቧል፤ የነካው የለም። ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ፎቶግራፍ ዶሚቲላ የምረቃ ልብሷን ለብሳ፣ እሳቸው በማይመቻቸው ኮት ታንቀው፣ ጎን ለጎን ቆመዋል። የጠላቂዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ከሆኑ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

«ብይ ልጄ፣ ከሩቅ ነው የመጣሽው» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶን ኤቫሪስቶ። አላስቸግርዎትም። ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ ወንበር ላይ። ገመድ ስቋጭ። ጩኸት ስሰማ ሮጥኩ።»

«ከዚያ በፊት ባሕር ወርደዋል? መረብ፣ ጀልባ ነክተዋል?»

«በዚህ ጉልበት? እስክዘል ድረስ ውሃ አልነካሁም፤ ፊቴንም አልታጠብኩ።»

«መፈልፈያው ውስጥስ?»

«ሁለት ሳምንት ይሆነኛል። አታስገባንም እኮ! ‹ፓድሪኖ፣ ቆሻሻ ይዘው ይገባሉ› ትለኝ ነበር። እኔን፣ የክርስትና አባቷን፣ ዳይፐሯን የቀየርኩትን!» ሊስቁ ሞከሩ። «አምና ጥሩ ነበር። እሑድ እሑድ እኔ ነበርኩ ታንኮቹን የምጠብቅ። ወጣቶቹ ይረፉ ብዬ።»

«ሁልጊዜ እሑድ እርስዎ?»

«አንድም ሳልቀር። ምን አለኝ ሌላ?»

ኢስሜኒያ ሻዩን ቀመሰች። «በጣም ትወድዎ ነበር ማለት ነው።»

«አባቷን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «ስምንት ዓመቷ ነበር። መድረኩ ላይ ቆማ ‹ይተነፍሳል?› አለችኝ። ያን ጊዜም ውሸት መናገር ነበረብኝ። ይተነፍሳል አልኳት።»

ከበሩ ስትወጣ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ደወለ። የምትጠብቀውን ነው የነገራት፦ ሴትየዋ በሕይወት እያለች ነው ሳንባዋ ውሃ የገባው። ከማጅራቷ ላይ ደግሞ፣ ከፀጉሯ ሥር፣ ሁለት የአውራ ጣት ምልክት አለ። ከሳንባዋ የተወሰደው ውሃ በታሸገ ጠርሙስ እየመጣ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኖኤሚ ሳህኖቿን አዘጋጀች። ኢስሜኒያ ከአጠገቧ አልተለየችም፤ እያንዳንዱን ጠብታ ራሷ ቆማ አየች።

*

በማግስቱ ጭጋጉ እንደተገፈፈ በማኅበሩ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሪጎቤርቶ መስኮቱ ሥር ቆመ። ኖኤሚ ሳህኖቹ አጠገብ ተቀመጠች። ዶን ኤቫሪስቶ በሊቀመንበርነታቸው ቦታ፣ በጠረጴዛው ራስጌ ሆኑ። ጠላቂዎቹ ከግድግዳው እስከ በሩ ሞልተዋል። ኢስሜኒያ ጠረጴዛው ላይ አራት ሳህን ደረደረች።

«ከባሕሩ እንነሣ» አለች። «የመጀመሪያው ሳህን ላይ ከመድረኩ ሥር የተቀዳ ውሃ ጠብ ብሎበታል። ሣሩ እንደነበረ ነው፤ ምንም አልበላውም። ሁለተኛው የታንክ አራት ውሃ ነው። እዩት።»

ሳህኑ ወንፊት መስሏል።

«ሦስተኛው ዶሚቲላ ሳንባ ውስጥ የነበረ ውሃ ነው።»

እሱም ወንፊት መስሏል። አንድ ጠላቂ አማተበ።

«የሞተችው ታንክ አራት ውስጥ ነው። ከኋላ አንገቷን የያዛት ሰው አለ። ከዚያ በጀርባው በር አሥራ ሁለት እርምጃ ጎትቶ ባሕር ውስጥ ጣላት። አሁን ጥያቄው ማን ነው የሚለው ነው። ኖኤሚ በላተኞቹን ስትነካካ ስለምትውል ልብሷ ምንም አይነግረንም፤ ግን በዚያ ሰዓት ቶንጎይ ነበረች። አሳፋሪ ጉዳይ ይዟት የሄደች ቢሆንም፣ አምስት ሰው አይቷታል።»

ኖኤሚ ራሷን ደፋች።

«ሪጎቤርቶን በዚያ ሰዓት ያየው ሰው የለም፤ ጠላትነቱንም አልደበቀም። የልብሱን ውሃ ሞክረናል። ንጹሕ ነው። ደግሞ ሪጎቤርቶን ብታስገባው ኖሮ ያለ ጋውን አታስገባውም ነበር። የእንግዳው ጋውን ግን እንደታሸገ ነው። ዶሚቲላ በሩን በራሷ ቁልፍ የከፈተችለት ሰው፣ በሱፍ ሹራቡ እንዳለ ነው የገባው። በዚህ መንደር ሹራብህን አውልቅ ብላ ልታዝዘው የሚከብዳት ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ማንም ወደ ጠረጴዛው ራስጌ ለመመልከት አልደፈረም።

«ዶን ኤቫሪስቶ፣ እርስዎ ከመዝለልዎ በፊት ሹራብዎን አወለቁ። ሁሉም አይቷል። እኔ ስደርስ ደረቱ ደረቅ ነበር፤ እጅጌው ግን እስከ ክርን ርሷል። ጭጋግ እጅጌ መርጦ አያረጥብም። እርስዎ ደግሞ እስኪዘሉ ድረስ ውሃ አልነካሁም ብለውኛል። መፈልፈያው ውስጥ ከገባሁ ሁለት ሳምንቴ ነው ብለውኛል።» አራተኛውን ሳህን ወደ እሳቸው ገፋችው። «ይሄ ከእጅጌዎ የተጨመቀ ነው።»

ሽማግሌው ሳህኑን አዩት። ክብ ክብ ቀዳዳ፣ ብል የበላው ጨርቅ።

«ጠላቂዎቹ ሲጮኹ ደግሞ» አለች ኢስሜኒያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ማን ነው? ምን ሆነ? ብለው አልጠየቁም።»

«ለምን?» አለ ሪጎቤርቶ ሳያስበው። «የገዛ ልጃቸውን?»

«ነጩ ዱቄት፣ ሪጎቤርቶ። ሰኞ ሰኞ ትጠርገው ነበር። እሑድ እሑድ ማን ነበር የሚጠብቀው?»

አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ተነሣ። ዶን ኤቫሪስቶ እጃቸውን አነሡ፤ እንደ ሁልጊዜው ሁሉም ጸጥ አለ።

«ሦስተኛ ዓመት ቢሞትብን ኖሮ ይህ መንደር አይኖርም ነበር» አሉ። «ታስታውሳላችሁ። ግማሻችሁ ጓዛችሁን ጠቅልላችሁ ነበር። እሷ በላተኞቿን ጨመረች፤ እኔ አላመንኳቸውም። የማይታይ ነገር እንዴት ልመን? በየሳምንቱ መድኃኒቱን ጨመርኩ። እጩ ተረፈ። ያን ዕለት ስታጨበጭቡላት ፊቷን አያችሁት? የአባቷ ፊት ነበር። እኔ ነኝ ያን የሰጠኋት ብዬ ዝም አልኩ። ስጦታ ነበር።»

«ትናንት ጠዋት ግን ጠራችዎት» አለች ኢስሜኒያ።

«በጀርባው በር ና... ይምጡ አለችኝ።» ቃላቸው ተምታታ። «ሳህኖቹን አሳየችኝ። እሑድ እሑድ ብቻዬን የምጠብቀው እኔ ነበርኩና እኔ መሆኔን አውቃለች። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ‹ፓድሪኖ፣ ከሰው ሁሉ መርጠው እኔን ዋሹኝ› አለች። ዓርብ በስብሰባው ላይ ልትናገር ነው። ምስክር ወረቀቱ ይሄዳል፤ ገዢዎቹ ይሄዳሉ። ለመንኳት። ዘንድሮ እኮ በላተኞቼ ሠርተውልኛል ትያለሽ፣ ያለፈውን ለምን ታነሺዋለሽ አልኳት። ‹ያለፈው የእኔ ስላልሆነ› አለችኝ። ከዚያ ወደ ታንኩ ጎንበስ ብላ እጮቿን ማየት ጀመረች። ተንሸራተተች። ራሷን መታት። ላወጣት እጄን ከተትኩ፤ እውነቴን ነው፤ ላወጣት ነበር። ከዚያ ዓርብ ትዝ አለኝ። እጄ አላነሣትም።»

«ዶን ኤቫሪስቶ» አለች ኢስሜኒያ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ሻክሯል። «ሐኪሙ ራሷ ላይ ያየው አንዳችም ጉዳት የለም። አላነሣ ያለ እጅ ደግሞ ምልክት አይተውም። ማጅራቷ ላይ ሁለት አውራ ጣት አለ።»

ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉ እጆቻቸውን ተመለከቱ፤ ገመድ ያሻከራቸው፣ አሥራ አንድ ሰው ያወጡ ትልልቅ እጆች። ቀስ ብለው ከጠረጴዛው አወረዷቸው።

ዓርብ በስብሰባው ምን እንደሚሆን ማንም አልጠየቀም። ኖኤሚ ግን ተነሣች። «የሳህኖቹን ውጤት እኔ አነበዋለሁ» አለች ወደ ማንም ሳትዞር። «ሁሉንም። የእኔንም ብልቃጦች ጨምሬ።» ሪጎቤርቶ ከመስኮቱ ሥር ሆኖ «ዱቄቱን እኔ እናገራለሁ» አለ።

ሁለት ፖሊሶች ዶን ኤቫሪስቶን ደግፈው አስነሧቸው። በጠላቂዎቹ መካከል ሲያልፉ ሽማግሌው ከልማድ የተነሣ ግራና ቀኝ እያዩ ሰላምታ ጠበቁ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዚያ በር ያለ ሰላምታ ወጥተው አያውቁም። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁ፤ ዓይናቸውን ግን ወለሉ ላይ ተከሉ።

ደጃፉ ላይ ቆሙና ወደ ኢስሜኒያ ዞሩ።

«ታንክ አራት እንዴት ናት?»

ኢስሜኒያ ልትመልስላቸው አልፈለገችም ነበር። ከዚያ ግን እውነቱ ከምትሰጣቸው ቅጣት ሁሉ እንደሚከብድ ገባት።

«እጩ ዛሬ ጠዋት ተቆጠረ» አለች። «ከመቶ ዘጠና አራቱ በሕይወት አለ። ጠብታ መድኃኒት አልተጨመረበትም።»

ዶን ኤቫሪስቶ የአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ፖሊሶቹ ሊያነሧቸው ጎንበስ አሉ፤ ኢስሜኒያ ግን ፖሊሶቹን በእጇ ምልክት ከለከለቻቸው። ከመንደሩ ሰው ሊያነሣቸው አንድም አልመጣም።